ይሉኝታና ኅሊና

በቋንቋችን ውስጥ በአንድ ቃል ወደ ሌላ ቋንቋ ለመመለስ ከሚያስቸግሩት ቃላት አንዱ «ይሉኝታ» ነው። ቃሉ ራሱ ትውልዱን ይናገራል፤ «ምን ይሉኛል» ከሚለው ሥጋት የተወለደ ነውና። ሽማግሌዎቻችን ይሉኝታ የሌለውን ሰው «ይሉኝታ ቢስ» ብለው ከሰው ተራ ያወጡታል፤ ይሉኝታ ያለውን ግን እንግዳ ከደጁ አይመልስም፣ የተበደረውን አያስቀርም፣ በሰው ፊት የተናገረውን ቃል አያጥፍም ብለው ያምኑታል። እኛም በዚሁ ትምህርት ያደግን ስለ ሆንን፣ ይሉኝታን ከመልካም ጠባይ ወገን አድርገን ስንቈጥረው ኖረናል። ይህን እምነታችንን ያናወጠው ደግሞ የፍልስፍና መጽሐፍ ሳይሆን ስለ ስድስት ልጆችና ስለ አንዲት ጀልባ የሚተርክ የአሜሪካ ፊልም ነው።

የፊልሙ ስም «ሚን ክሪክ» ይባላል፤ ክፉ ጅረት እንደ ማለት ነው። ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን (ከዚህ በታች የምናነሣቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)፣ ድርሰቱንም ዝግጅቱንም የሠራው ጄኮብ ኤሮን ኤስቴስ ከዚያ በፊት ረዥም ፊልም አዘጋጅቶ አያውቅም ነበር። ሥራው የተከናወነው ታላላቆቹ የሆሊውድ ኩባንያዎች በሚያፈሱት ዐይነት ገንዘብ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ያን ጊዜ ከ500,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ለሚሠሩ ፊልሞች ይሰጥ የነበረውን፣ በጆን ካሳቬቲስ ስም የተሰየመውን ሽልማት ተቀበለ። ካሳቬቲስ በ1959 «ሻዶውስ» የተባለውን ፊልም አውጥቶ ከኩባንያዎች ጥላ ውጭ መሥራት ለሚሹ አሜሪካውያን መንገድ የጠረገ ሰው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በጥቂቱ ነው። ሳም የተባለ ቀጭን ልጅ የጆርጅን የቪድዮ ካሜራ ሳያስፈቅድ በመንካቱ ጆርጅ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይደበድበዋል። ጆርጅ ሰውነቱ የገዘፈ፣ እጁ የፈጠነ፣ ምላሱም ከእጁ የባሰ ልጅ ነው። የሳም ታላቅ ወንድም ሮኪ ይህን ሲሰማ እልህ ይይዘውና ከባልንጀሮቹ ከማርቲና ከክላይድ ጋር ይመክራል። ምክሩም ጆርጅን ለመግደል አይደለም፤ ለመደብደብ እንኳ አይደለም። የሳም ልደት ነው ብለው በወንዝ ላይ ለጀልባ ሽርሽር ይጋብዙታል፤ በጨዋታ አሳብበው ልብሱን ያስወልቁታል፤ ከዚያም ራቁቱን ወደ ቤቱ ይሰዱታል። ያዋረደ ይዋረድ ነው ነገሩ።

ጆርጅ ግን እንደ ጠበቁት ሆኖ አልመጣም። ለሳም ስጦታ ይዞ፣ ሰው አስታውሶ ስለ ጋበዘው ደስ ብሎት መጣ። ጓደኛ የሌለው፣ ጓደኛ ለማፍራትም መንገዱ የጠፋበት ልጅ መሆኑ ገና በመንገድ ላይ ሳሉ ይገለጣል። ከሳም ጋር አብራ የሄደችው ሚሊ የተባለች ልጅ ተንኰሉን ባወቀች ጊዜ ተቈጥታ እንዲቀር ሳምን ያዘችው። ሳም ለሮኪ ነገረው፤ ሮኪም ለሁለቱ ባልንጀሮቹ ነገራቸው። ክላይድ ተቀበለ፤ የማርቲ ፊት ግን ጠቈረ። እንግዲህ ጀልባዋ ከዳር በለቀቀች ጊዜ ከአምስቱ መካሪዎች አራቱ በልባቸው ነገሩን ትተውት ነበር።

ጀልባዋ ግን ሄደች። እኛም ከፊልሙ ሁሉ ይልቅ የምንመለስበት ይህ ቦታ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ እንናገረው። በጀልባዋ ላይ በሚጫወቱት ጨዋታ ማርቲ ጆርጅን ይተነኵሰዋል፤ የተመከረበትም ምክር ይገለጣል። ጆርጅ የተዋረደና የተታለለ መሆኑን ሲያውቅ እያንዳንዳቸውን በሚያማቸው ቦታ እየለየ ይሰድባል፤ በመጨረሻም ራሱን በገዛ እጁ ባጠፋው በማርቲ አባት ይሳለቃል። ማርቲ ሊይዘው ይነሣል፤ ሮኪ ሊገላግል መካከል ይገባል፤ በግፊያውም ጆርጅ ከውኃው ይወድቃል። ልጆቹ ይወጣል ብለው ይጠብቃሉ። አልወጣም። ሬሳውን ከውኃ አውጥተው በዱር ቀበሩት።

እንግዲህ ይህ ሥራ የማን ነው? የሕግ ሰዎች መልስ አያጡም፤ እኛ ግን የምንጠይቀው በሕግ በኩል አይደለም። ልጆቹን አንድ በአንድ ብናቆማቸው እያንዳንዱ እውነተኛ መከላከያ አለው። ሳም «ይቅር ብዬ ነበር» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሮኪ «የገባሁት ለማገላገል ነው» ይላል፤ ይህም እውነት ነው። ክላይድ እጁን አላነሣም። ማርቲ የጣለው እኔ አይደለሁም ቢል ማንም አያስተባብለውም። ሚሊ ከሁሉ ቀድማ ተናግራለች። ገዳይ የሌለበት ሞት ይመስላል። ታዲያ አንድም ሰው ያልፈለገው ነገር በአምስት ሰው መካከል እንዴት ሊሆን ቻለ?

እንደሚመስለን ምስጢሩ ያለው ባደረጉት ሳይሆን በተዉበት መንገድ ላይ ነው። ነገሩን የተዉት በሹክሹክታ ነበር። አንዱ ለአንዱ በጆሮው እየነገረ ተዉት እንጂ ከመካከላቸው ብድግ ብሎ «ጆርጅ፣ ልናዋርድህ መክረን ነበር፤ አጥፍተናል፤ እንመለስ» ያለ አልነበረም። ሚሊ እንኳ የተናገረችው ለአንዱ ለሳም ነበር። ለምን ዝም አሉ? ጆርጅን ጠልተው እንዳንል የጠሉት ጥቂት፣ ያዘኑለት ብዙ ነበሩ። ማርቲን ፈርተው ነው እንዳንልም ጡጫውን አልፈሩትም፤ የፈሩት ዐይኑን ነው። «አንተማ ፈራህ፣ አንተማ ልጅ ነህ» የምትለዋን የዐይን ጥቅሻ ነው የፈሩት። ይህንም ፍርሀት በእኛ ቋንቋ ከይሉኝታ በቀር ምን ብለን እንጠራዋለን?

ነገሩ ለአሜሪካ ጐረምሶች ብቻ የተሰጠ አይደለም። ጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ስለ ትሮይ ጦርነት ሲተርክ የከተማዪቱ ጀግና ሄክቶር እንዴት እንደ ሞተ ይነግረናል። ፖሊዳማስ የተባለ አስተዋይ ባልንጀራው «ሠራዊቱን ወደ ቅጥር እናግባ» ብሎ መክሮት ሳለ ሄክቶር እምቢ አለ፤ በማግስቱም ብዙ ሰው አለቀ። አኪለስ እየገሠገሠ ሲመጣ የከተማው በር ለሄክቶር ክፍት ነበረ፤ ገብቶ መትረፍ ይችል ነበር። ነገር ግን «ብገባ ፖሊዳማስ ቀድሞ ይዘልፈኛል» ብሎ ዐፈረና ከቅጥሩ ውጭ ቆየ፤ በዚያም ሞተ። አርስቶትል ስለ ጠባይ በጻፈው መጽሐፉ ጀግንነትን የሚመስሉ ግን ጀግንነት ያልሆኑ ነገሮችን ሲዘረዝር በመጀመሪያ ያስቀመጠው ይህንኑ በዕፍረትና በክብር ፍለጋ የሚመጣውን ድፍረት ሲሆን፣ ምሳሌ አድርጎ የጠራውም ሄክቶርን ነው። ፈላስፋው ይህን ድፍረት አልናቀውም፤ ከእውነተኛው ጀግንነት ጋር ከሁሉ ይበልጥ የሚመሳሰለው ይህ ነው ብሎአል። መመሳሰሉ ግን አንድ መሆን አይደለም።

ይህን ልዩነት ይበልጥ ግልጥ አድርጎ ያሳየን ሌላ ፊልም አለ፤ እርሱም በ1955 ኒኮላስ ሬይ ያዘጋጀው «ሬብል ዊዝአውት ኤ ኮዝ» የተባለው ነው። ይህኛው የትልቅ ኩባንያ ሥራ ነው። ጂምና በዝ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በተሰረቁ መኪናዎች ወደ ገደል አፋፍ ይሽቀዳደማሉ፤ አስቀድሞ ከመኪናው የዘለለው «ዶሮ» ይባላል፤ በእነርሱ አነጋገር ፈሪ ማለት ነው። ከውድድሩ በፊት ሁለቱ በገደሉ ጫፍ አጠገብ ቆመው ሲነጋገሩ በዝ ጂምን እንደ ወደደው ይነግረዋል። ታዲያ ለምን እንወዳደራለን ብሎ ጂም ሲጠይቀው፣ በዝ የሰጠው መልስ አንድ ነገር ማድረግ የግድ ነው ከማለት አላለፈም። ከኋላቸው ባልንጀሮቻቸው ተሰልፈው ይመለከታሉ። በዝ በመጨረሻዋ ደቂቃ ሊዘል ሲል የቆዳ ጃኬቱ እጅጌ በበሩ እጀታ ተያዘና ከመኪናው ጋር ወደ ገደሉ ወረደ። እንግዲህ ልብ ብለን ብናየው፣ ልጁ የሞተው ለመዝለል ከወሰነ በኋላ ነው። እርሱም ልክ እንደ ጀልባዋ ልጆች በልቡ ትቶት ነበር፤ የተወው ግን እጅግ ዘግይቶ ነው።

የጂምን ሚና የተጫወተው ጄምስ ዲን ፊልሙ ለሕዝብ ከመታየቱ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ መስከረም ማለቂያ ላይ በ24 ዓመቱ በመኪና አደጋ ስለ ሞተ፣ ብዙ ጸሓፊዎች ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ማያያዝ ልማድ አድርገውታል። እኛ ግን አናያይዘውም፤ ያ አደጋ በመንገድ መገናኛ ላይ ከሌላ መኪና ጋር የደረሰ ግጭት እንጂ የእልህ ውድድር አልነበረም። ይልቅስ ሁለቱን ፊልሞች አስተያይተን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ባለ ብዙ ገንዘቡ ፊልም ገደልና የሚያጓራ ሞተር አመጣልን። ገንዘብ ያጠረው ፊልም ደግሞ ገደሉን መግዛት ስላልቻለ ነው መሰለን ዝም ብሎ የሚፈስ ወንዝ አመጣልን። እኛ ይበልጥ የፈራነው ወንዙን ነው።

ወጣቶች በባልንጀሮቻቸው ፊት ሌላ ሰው ይሆናሉ ማለት የተረት ጸሓፊዎች ፈጠራ እንዳይመስል፣ በፊላደልፊያ ከተማ በሚገኘው በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የተደረገውን ምርመራ እንጥቀስ። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 ባወጡት ጥናት 306 ሰዎችን ከ13 እስከ 16፣ ከ18 እስከ 22፣ ከ24 ዓመት በላይ ብለው በሦስት ዕድሜ ከፍለው በኮምፕዩተር መኪና የመንዳት ጨዋታ አጫወቷቸው። መብራቱ ቢጫ ሲሆን ወይ ማቆም ነው፣ ወይ ተጨማሪ ነጥብ ለማግኘት ከግድግዳ ጋር መጋጨትን እየደፈሩ መንዳት ነው። ብቻቸውን ሲጫወቱ በሦስቱ ዕድሜዎች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ባልንጀሮቻቸው አጠገባቸው ሲቀመጡ ግን የትንንሾቹ ድፍረት እጅግ ከፍ አለ፤ የአዋቂዎቹ አልተለወጠም። በሌላ አነጋገር ጐረምሳው ብቻውን ሳለ አደጋውን የማያይ ዕውር አልነበረም፤ አጠገቡ ያሉት ዐይኖች ናቸው የለወጡት።

አዋቂዎቹ ግን ከዚህ በሽታ ነጻ ናቸው ብለን እንዳንመጻደቅ የሚከለክለን ታሪክ አለ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ረስል በ1959 ስለ አቶሚክ ጦርነት በጻፈው መጽሐፍ የታላላቆቹን መንግሥታት ፖለቲካ ከዚሁ ከጐረምሶች የመኪና ውድድር ጋር አነጻጽሮት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በኩባ ደሴት ምክንያት አሜሪካና ሶቪዬት ኅብረት ወደ ገደሉ አፋፍ ደረሱ። ክሩሽቼቭ ሚሳይሎቹን ከኩባ ሊያነሣ ሲስማማ፣ በኬኔዲ በኩልም በቱርክ የነበሩት የአሜሪካ ሚሳይሎች እንዲነሡ ቃል ተሰጠ፤ ይህ ሁለተኛው ቃል ግን ለሕዝብ እንዳይገለጥ ተደረገ። ለሰላም ሲባል የተደረገው መልካም ነገር «ፈሩ» እንዳይባል እንደ ነውር ተሸሸገ። እነዚህም ነገሩን የተዉት በሹክሹክታ ነው፤ ልዩነቱ በጊዜ መተዋቸው ነው።

እንግዲህ ይሉኝታ ይጥፋ እንበልን? ይህን ለማለት አንደፍርም። ከሰው ልብ ይሉኝታን ብናወጣ በቦታው ኅሊና እንደሚገባ ዋስ የሚሆነን የለም፤ ብዙ ጊዜ የሚገባው ፈቃደ ሥጋ ብቻ ነው። ደግሞም ሕፃን ሲያድግ አስቀድሞ የሚያፍረው እናቱን ነው፤ ራሱን ማፈር የሚማረው ቈይቶ ነው። ይሉኝታ የኅሊና ሞግዚት ነው ብንል ሳይሻል አይቀርም። ሞግዚት ግን ሕፃኑን የምታሳድገው እንደ ራስዋ ጠባይ ነው። በሽማግሌዎች ፊት የሚያፍር ሰው እንደ ሽማግሌዎቹ ይሆናል፤ በቀማኞች ፊት የሚያፍር ደግሞ ለመቀማት ያፍራል ማለት አይደለም፣ አለመቀማቱ ያሳፍረዋል። ይሉኝታ ሁልጊዜ የሚጠይቀው «ማን ያየኛል?» ብሎ ነውና፣ ደግነቱም ክፋቱም በተመልካቹ እጅ ነው። በዚያ ወንዝ ላይ እናት አልነበረችም፤ ጎረቤት አልነበረም፤ የነበሩት ዐይኖች የእርስ በርሳቸው ብቻ ነበሩ።

ፊልሙን አብረውን ያዩት አንድ ወዳጃችን ማርቲን «ሰይጣን» ብለው በአንድ ቃል ዘጉት። እኛ በዚህ አልተስማማንላቸውም። ማርቲ አባቱን በክፉ አሟሟት ያጣ፣ በቤቱም በታላቅ ወንድሙ የሚንገላታ ልጅ ነው። በዓለም ላይ ያለው ሀብት «ማርቲ አይፈራም» የሚለው ስም ብቻ ነው። ብዙ ያለው ሰው ከክብሩ ጥቂት ቢያጣ አይጐዳም፤ ሌላ ሀብት የሌለው ግን ስሙን ሲነኩበት የሚቀረው ነገር የለም። ስለዚህ ይሉኝታ ከሁሉ ይልቅ የሚጨክነው በድኻው ላይ ነው። ጆርጅም ቢሆን በመጨረሻ በአንደበቱ ያቈሰላቸው፣ ከቍስል በቀር የሚሰጠው ነገር አጥቶ ነው። ሁለቱ ልጆች እንደዚህ ተቀናቃኝ ሆነው ሲፋጠጡ አንዱ ሌላውን ቢያውቀው ኖሮ ከስድስቱ ይልቅ የሚመሳሰሉት እነርሱ ነበሩ።

ከቀብሩ በኋላ ልጆቹ ተማክረው ወደ ጆርጅ እናት ቤት ይሄዳሉ። ማርቲ ብቻ እምቢ ብሎ ይኰበልላል። የሄዱት ልጆች በዚያ ደጅ የሚጠብቃቸው ምስጋና እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ የሚያጨበጭብ ባልንጀራም ከኋላቸው አልተሰለፈም። በፊልሙ ውስጥ «ምን ይሉናል» የሚለውን ጥያቄ ትተው የተራመዱት ያን ጊዜ ነው። (በአሜሪካ የፊልም ደንብ መሠረት ዕድሜያቸው ከ17 በታች የሆነ ልጆች ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ይህን ፊልም እንዳያዩ ተወስኖ ነበር። ስለዚህ በፊልሙ ከተጫወቱት ልጆች አንዳንዶቹ ራሳቸው የሠሩትን ለማየት ወላጅ ይዘው መግባት ነበረባቸው። ደንቡን የነቀፍን እንዳይመስልብን፤ አባቶችና እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ቢያዩት ምናልባት ይበልጥ የሚደነግጡት እነርሱ ናቸው።)

ስለ ሌላ ሀገር ልጆች ይህን ያህል ከተናገርን የራሳችንን መሸሸግ አይገባንም። በልጅነታችን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ ቀስ የሚሉትን የጭነት መኪናዎች ከኋላ እየተንጠለጠልን መሄድ ልማዳችን ነበር። አምስት ልጆች ነበርን። አንድ ቀን ዝናም ዘንቦ ብረቱ ያንሸራትት ነበር፤ ያን ቀን ከአምስታችን አንዳችንም ለመንጠልጠል አልፈለግንም። ይህን ያወቅነው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ አድገን ስንጨዋወት ነው። መኪናው ሲመጣ እርስ በርሳችን ተያየን፤ ከዚያም ሁላችንም ሮጥን። ከሁላችን የሚያንሰው ልጅ እጁ አመለጠውና ወደቀ፤ እግሩም ተሰበረ።

እየተፈራረቅን በጀርባችን ተሸክመን ወሰድነው። በመንገድ ላይ ሳለን «ከግንብ ላይ ወድቆ ነው እንበል» ተባባልን፤ ማን እንዳነሣው ዛሬም አናስታውስም። ልጁም እያለቀሰ ራሱን ነቀነቀ፤ በዚያ ሕመሙ እንኳ በእኛ ፊት ይሉኝታ ይዞት ነበር። እናቱ ከቤት ሮጠው ወጡና ልጃቸውን ተቀበሉን። ወጌሻ ከተጠራ በኋላ ወደ እኛ ተመልሰው፣ «እናንተ ልጆቼ ባትደርሱለት ምን ይሆን ነበር? እደጉልኝ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ» ብለው መረቁን። ከመሶቡም ሙሉ ዳቦ አውጥተው ለአራታችን ቈርሰው ሰጡን። እኛም እጅ ነሥተን ተቀበልን፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠንም በላን።